ዶዘር ቅኔ አይገባውም

መቼም እኛ አገር የጥበብ ነገር ሲነሳ «ተሰጥኦ ከላይ ነው» ብሎ ወሬውን መዝጋት የተለመደ ነው። ይሁን፣ ከላይ ይሁን። የሚበስለው ግን እዚሁ ታች፣ ሰፈር ውስጥ ነው ባይ ነኝ። የማይስማማ ካለ አዝማሪን ይጠይቅ።

አዝማሪ ብቻውን አይፈጥርም። ማሲንቆውን ሲገዘግዝ አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይለዋል። ግጥም ሰጪው ያው ጠጪው ነው፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው። አዝማሪው ተቀብሎ፣ ዜማ አልብሶ፣ አንዳንዴም ሰጪውን ራሱን ሸንቆጥ አድርጎ ይመልሰዋል። አድማጩ የሰፈሩን ወሬ፣ የኑሮውን ምሬት፣ የሹሙን ገመና ስለሚያውቅ ወርቁን ወዲያው ያገኘዋል። የሚያውቅ ሰው ከሌለ ቅኔው ሰም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ታዲያ ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የፈጠረው አሜሪካ ተምሮ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቦስተን በርክሌ ተምሯል። ግን የተማረውን ጃዝ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ባያጋባው ኖሮ ኢትዮ ጃዝ ከየት ይመጣ ነበር? እነዚህን ቅኝቶች ደግሞ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አልፈጠራቸውም።

ገዢዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ ጠንቋዮችና ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎች እየተለቀሙ እንዲረሸኑ አዟል። ማሲንቆ ጥይት አይተፋም፤ ሰው ግን ይሰበስባል። ደርግም በተራው ሰዓት እላፊ አውጆ የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ አንቆ ያዘው። የሀገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ የሰበረው አምሃ እሸቴም ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

የዛሬዎቹስ? የዛሬዎቹ አዝማሪ አልረሸኑም። ሰፈሩን አፈረሱት! በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ካዛንቺስን ሲጠርግ አዝማሪ ቤቶቹም አብረው ተጠረጉ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንድቃ እንኳ አልተረፈም። እዚያ ሰፈር ብዙ ምሽት አምሽቻለሁ። የሚቆጨኝ ጭቃ ግድግዳው አይደለም። ሲሰጣጡና ሲቀባበሉ የኖሩት ሰዎች በከተማው ዳር ዳር መበተናቸው ነው።

ከተማ አይታደስ ያለ የለም። መንገዱ ይስፋ፣ ቱቦው ይቀበር፣ ሽንት ቤትም ይሠራ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሰፈሩ ሲታደስ ሰፈርተኛው ለምን ይነቀላል? «ዘመናዊ የባህል አዳራሽ እንሠራለን» ለሚሉን መልሴ አጭር ነው። አዳራሽ በበጀት ይሠራል፤ «ተቀበል» የሚል አፍ ግን በጨረታ አይገዛም። የመግቢያ ትኬት ቆርጦ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር በመደዳ ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ተመልካች ነው፤ ግጥም ሰጪ አይደለም።

ስለዚህ ቀጣዩ ሰፈር ላይ ቀይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት እዚያ ያለው አዝማሪ ቤት፣ እድርና ዕቁብ ይቆጠር። ነዋሪውም ባለሙያውም እዚያው ቦታ ይሰጠው። አለበለዚያ ባማረ መንገድ ላይ የምንሄድ ዲዳዎች ሆነን እንቀራለን።

እንግዲህ ሹሞቻችን፣ ተቀበሉ!