ከእጅ የማይለይ የመንገድ ዕቃ

በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ዕቃውን በሁለት ይከፍል ዘንድ ይገባዋል፤ ይኸውም ለጭነት የሚሰጠውና ከእጁ የማይለየው ነው።

ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ቦርሳ ይያዛሉ እንጂ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ አይገቡም። እንዲህ ያለው ባትሪ ቢጎዳ ወይም ጫፎቹ ብረት ቢነኩ ግሎ ሊቃጠል ይችላልና። ጭሱ በተሳፋሪዎች ክፍል ቢታይ አስተናጋጆች ፈጥነው ይደርሱበታል፤ በጭነቱ ክፍል ግን የሚደርስለት ሰው የለም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው በአብዛኛው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው።

የዘወትር መድኃኒትም ከእጅ አይለይ። በተለይ የስኳር ሕመምተኛ የሚወስደው ኢንሱሊን በጭነቱ ክፍል ብርድ ሊበላሽ ይችላል።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የተሳፋሪዎች ክፍል ሲሞላ፥ ሠራተኞች የእጅ ቦርሳውን ከአውሮፕላኑ በር ተቀብለው ወደ ጭነት ይልኩታል። ያን ጊዜ ሰልፍ አቁሞ ዕቃ መፈተሽ አይመችም። ስለዚህ ባትሪውን፣ መድኃኒቱንና ፓስፖርቱን አስቀድሞ በአንዲት ትንሽ ከረጢት ለብቻ ማኖር ብልህነት ነው። ቦርሳው ቢሄድም ከረጢቷ ከባለቤቷ ጋር ትቀራለች። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» መባሉ ለዚህ ነው።