ጥናቱ የቀድሞውን ታጋይ ቁስል ይቁጠር

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ፣ ውጤቱም በጥናት ከተመረመረ በኋላ መስፋፋቱ፣ ፖሊሲ በሰፊው ሕዝብ ኑሮ ላይ ሲፈተን ፍሬ እንደሚሰጥ የሚያረጋግጥ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አንገብጋቢ ጥያቄ እናነሳለን። መድኅኑ በአባልነት የሚመዘግበው ቤተሰብን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ ትጥቁን ፈቶ፣ ቤተሰብ ሳይኖረው የተመለሰው ቁስለኛ በማን ስም ይመዝገብ? በተሐድሶ ማዕከል የሚሰጠው ሥልጠና የቀናት ነው፤ የተቆረጠ እግር ግን የዕድሜ ልክ ክትትል ይሻል፤ ሰው ሠራሹ እግር እንኳ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። ይህን ወጪ ያላሰላ ጥናት፣ ጥናት ሊባል አይገባውም። ስለሆነም የየአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበራትና ሠራተኞች፣ አጥኚዎች መዝገብ ይዘው ሲመጡ በጓሮ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረውን የቀድሞ ታጋይ ቀድመው እንዲያስመዘግቡ አጥብቀን እናሳስባለን።