ወደ ኩዝኮ ለሚወጣ መንገደኛ

ከባሕር ጠረፍ ከሊማ ተነሥቶ ከሁለት ሰዓት ባነሰ በረራ ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በኩዝኮ የሚያርፍ መንገደኛ፣ ሳንባው ገና በሊማ ሳለ እግሩ በአንዲስ ተራሮች ላይ ቆሟልና፣ በመጀመሪያዪቱ ሌሊት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢጎበኙት ሊደነቅ አይገባውም። የአዲስ አበባ ሰው «እኔስ የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ ይመካ ይሆናል፤ ትምክህቱም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ከተማችን ከኩዝኮ በ1,000 ሜትር ያህል ስለምታንስ፣ ደገኝነት ብቻውን ዋስ አይሆንም።

እንግዲህ የሚሻለው፣ ከአውሮፕላን እንደ ወረዱ በዚያው ዕለት ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ ወርዶ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በኦያንታይታምቦ ሁለት ሌሊት ማደር፣ ከዚያም በባቡር ወደ ማቹ ፒቹ መሄድና ኩዝኮን ለኋላ ማቆየት ነው። ማቹ ፒቹ ራሱ በከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር የሚተካከል ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚያስለከልከው ደረጃው እንጂ አየሩ አይደለም።

አብዛኛው ጎብኚ ግን ኩዝኮን እንደ መሸጋገሪያ ቆጥሮ ያልፋታል፤ ይህም በእኔ አስተያየት ትልቅ ጉዳት ነው። የኢንካ ነገሥታት ለፀሐይ አምልኮ ባነጹት በቆሪካንቻ መቅደስ ላይ የዶሚኒካን መነኮሳት ገዳማቸውን ገነቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ምድር በተናወጠች ጊዜ ከላይ ያለው የገዳሙ ሕንፃ ክፉኛ ሲፈርስ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ተገጥሞ፣ ወደ ውስጥ ጥቂት ዘንበል ብሎ የታነጸው የጥንቱ ግንብ ጸንቶ ቆመ። በመጋጠሚያው መካከል ምላጭ ይገባል አይገባም የሚለውን የአስጎብኚዎች ጨዋታ አልወደውም፤ ይልቅስ ረፋድ ላይ ፀሐይ በጎን ስትመታው ቆሞ ማየት ይበቃል።

በእኛ ክረምት በሚሆንበት ወራት በዚያ ዝናብ የለም፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለ ሆነ ጋቢ የያዘ አይጸጸትም። በሰኔ 17 የኢንቲ ራይሚ የፀሐይ በዓል ስለሚከበር ማደሪያ አስቀድሞ ያልያዘ ይንከራተታል። በየእንግዳ ማረፊያው የሚቀርበውን የኮካ ቅጠል ሻይ መጠጣት ነውር የለበትም፤ የተረፈውን ቅጠል ግን በሻንጣ ከመክተት ለሰው ሰጥቶ መውጣት ይገባል፤ በፔሩ የተፈቀደው ቅጠል በሌላ አገር የጉምሩክ ፈታሽ ፊት የተከለከለ ዕፅ ነውና።