ሱስ የያዘው ልጅ ለእስር ቤት ወይስ ለሐኪም?

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ የሦስት ልጆች እናት ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ አንድ ከባድ ጥያቄ አቅርበዋል። የ20 ዓመት ልጃቸው በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ለማባረር በሚል ከጓደኞቹ ጋር ጫት መቃም ጀመረ። ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ተከተለ። ከአረቄው ቀጥሎም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን መጣ። ዛሬ ትምህርቱን አቋርጧል። ካውያው፣ ጋቢው፣ በመጨረሻም የእቁብ ገንዘባቸው ከቤት ጠፍቷል። «ጎረቤት እንዳይሰማብኝ ብዬ ሁለት ዓመት ደበቅሁት። አሁን ግን አቃተኝ። ለፖሊስ ላስረክበውና ታስሮ ይማር ወይስ ምን ላድርግ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ይህ የእኚህ እናት ብቻ ጥያቄ አይደለም። በየቤቱ ተደብቆ የሚለቀስበት ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ በሰፊው ልንወያይበት ወደናል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ሱስ የብልግና ወይም የአሳዳጊ ጉድለት ምልክት ብቻ ተደርጎ መታየት እንደሌለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። አደንዛዥ ነገር ሲደጋገም የአንጎልን አሠራር ይለውጣል። ሰውየው መጀመሪያ ለደስታ የወሰደውን በኋላ ሕመሙን ለማስታገስ ይወስደዋል። «ተው» ሲባል መተው የሚያቅተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ በበሽታ የተያዘን ሰው ማሰር ያድነዋልን? የፖርቱጋል ሕዝብ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያች አገር በ1974 የነበረው አምባገነን መንግሥት ከወደቀ በኋላ አደንዛዥ ዕፅ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1990ዎቹ ዓመታት 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ካላት አገር ውስጥ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋው የሄሮይን ችግረኛ እንደነበር ይገመታል። በአንድ መርፌ እየተጋሩ የሚወጉት ወጣቶች በኤድስ አለቁ። ፖሊስ አሰረ፣ ዳኛ ፈረደ፤ ችግሩ ግን አልቀነሰም።

በመጨረሻም መንግሥት ሐኪሞችና ምሁራን ያሉበት ኮሚቴ አቋቁሞ ምክር ጠየቀ። በኮሚቴው ምክር መሠረት በ2000 የወጣው ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ አደንዛዥ ዕፅን አልፈቀደም። የሚያመርትና የሚሸጥ ዛሬም በወንጀል ይቀጣል። ነገር ግን ከ10 ቀን የግል ፍጆታ ያልበለጠ ይዞ የተገኘ ሰው ወደ ወንጀል ችሎት መቅረቡ ቀርቶ ሦስት አባላት ወዳሉት ሸንጎ እንዲላክ ተደረገ። በሸንጎው ውስጥ የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ። ሰውየውን «ምን ሆንህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ሱስ የያዘው ከሆነም ወደ ሕክምና ይመሩታል። ከዚህ ጋር ሕክምናው፣ ንጹሕ መርፌ የማደሉ ተግባርና ሥራ የማስያዙ ጥረት ተስፋፋ። ውጤቱም ታየ። በመርፌ ምክንያት በኤችአይቪ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር እጅግ ቀነሰ። በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የታሰሩት ከጠቅላላው እስረኛ መካከል የነበራቸው ድርሻም በብዙ ወረደ።

ይሁን እንጂ ሕጉን መለወጥ ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ የኦሪገን ክፍለ ግዛት ሕዝብ በ2020 በድምፁ ተመሳሳይ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕክምናው ግን በጊዜው አልተደራጀም። በየጎዳናው የሚታየው ችግር ሕዝቡን ስላስቆጣ በ2024 ጥቂት ይዞ መገኘት እንደገና ወንጀል ሆነ። የእስር ቤቱን በር የሚዘጋ ሁሉ አስቀድሞ የሐኪሙን በር መክፈት ይኖርበታል ማለት ነው።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ይከለክላል። ጫትና አረቄ ግን በየመንደሩ በግልጽ ይሸጣሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፣ መጠጥም ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥ ማገዱ መልካም እርምጃ ነው። ነጋዴውን የሚቆጣጠር ሕግ ሲጠነክር እናቶች ይደሰታሉ። ለታመመው ልጅ ግን ከቅጣት ይልቅ የሕክምና አልጋ፣ ምክርና ሥራ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በመጀመሪያ ልጁን ቤት ቆልፎ በአንድ ቀን ለማስተው መሞከር አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊደርስበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለሆነም አተዋወሉን ሐኪም ይምራው። ሁለተኛም ሄሮይንንና ብርቱ የሕመም ማስታገሻን የመሰለ ነገር ለጥቂት ጊዜ ያቆመ ሰው ወደ ቀድሞው መጠን ከተመለሰ ሰውነቱ አይችለውም፤ ከእስር ቤት የወጡ ብዙዎች የሚሞቱት እንዲህ ነው።

በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ። ከዚያ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሊያስተላልፉት ይችላሉ። የወሰደውን ሁሉ ሳይደብቅ ይናገር። ኪኒኑንም ካገኙ ይዘው ይቅረቡ። ጠበል ቢወስዱት ማንም አይከለክልዎትም፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አያስቁሙት። ገንዘብ በእጁ አይስጡት፤ ምግብና መኝታ ግን አይንፈጉት። አገርሽቶበት ቢያዩ ተስፋ አይቁረጡ። የስኳር በሽተኛ ስኳሩ አንድ ቀን ከፍ ቢልበት ከሕክምና እንደማይባረር ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ከሁሉም በላይ ብቻዎን አይሸከሙት። ሞት ሲደርስ ድንኳን የሚተክል ዕድር፣ በሽታን ለመጠየቅ የሚመጣ ጎረቤት፣ ምሳ አብሮ የሚበላ የሥራ ባልደረባ አለዎት። ልጄ ታሟል ብሎ መናገር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የታመመን ልጅ ሸሽጎ ቆይቶ በኋላ ድንኳን መትከል ነው።