የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ

ይህ የአባቶች ምሳሌ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሕዝብም የተነገረ ነው። ገፊው ረስቶ የተገፋው ብቻ የሚያስታውስ ከሆነ፥ በሁለቱ መካከል እውነተኛ ፍቅር ሊጸና አይችልም። ይህን ጉድለት መሙላት የታሪክ መምህር ተግባር ነው።

ለዚህም የቤተ እስራኤል ታሪክ ምስክር ይሆናል። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል፥ በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ተራሮች በተደረገው ጦርነት፥ አንዲት ምርኮኛ ሴት ከማራኪዋ ጋራ ታስራ ስትሄድ አምላኳን ጠርታ ወደ ገደል በመወርወር እርሱንም ይዛው እንደ ወደቀች ይተርካል። ይህን የጻፈ የአሸናፊው ወገን ጸሓፊ ነው፤ የተሸናፊዎቹ ቃል ግን በመነኮሳትና በሽማግሌዎች አንደበት ቀረ።

ይህን በቃል የተጠበቀ ታሪክ በጽሕፈት ለማኖር ከደከሙት አንዱ አቶ ታምራት አማኑኤል ናቸው። ከቤተ እስራኤል ተወልደው በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ፥ ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ወደ አውሮፓ ወሰዷቸው፤ በፓሪስና በፍሎሬንስም ተማሩ። ተመልሰውም በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆኑ። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘች ጊዜ ተሰደዱ። ያችው ኢጣልያ በ1938 በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣች፤ በ1943ም የፍሎሬንስ አይሁድ ተይዘው ወደ ሞት ሰፈር ተጋዙ። አቶ ታምራት በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፉ፤ ስለ ቤተ እስራኤል መነኮሳትና ቅዱሳን ቦታዎች የያዙትም ማስታወሻ በ1974 ታተመ።

የሁለቱ አገር መከራ በመጠን አንድ አይደለም፤ አንዱ የሥሩ ጠባይ ግን ይመሳሰላል። በአውሮፓ አይሁድን የውሃ ጕድጓድ መረዙ ብለው ከሰሷቸው፤ በኢትዮጵያም አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ አሏቸው። አስቀድሞ ስም ይወጣል፤ ከስሙ በኋላ በትር ይከተላል።

ያለፈውን መቀስቀስ ቂም ያመጣል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ቂምን የሚያሳድገው የተሸሸገ ቍስል እንጂ ተገልጦ የታጠበ ቍስል አይደለም።

ስለዚህ በመካነ ኢየሱስም ሆነ በሌላው የጎንደር አገር የሚያስተምር የታሪክ መምህር፥ ስለ አውሮፓ አይሁድ ከመናገሩ አስቀድሞ በደጁ ከሚሰማው ስድብ ይጀምር። ተማሪው ማረሻውን የሠራለትን እጅ፥ ውሃ የሚጠጣበትን እንስራ ያበጀችውን እናት ያክብር ዘንድ ያስተምረው። የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች በ1984፥ በ1985ና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል የተሻገሩ፥ በዕድሜ የገፉትም በየጊዜው የሚያልፉ ስለ ሆነ፥ የተመራማሪው ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም። የተወጋው እስካለ ድረስ ይጠየቅ፤ የወጋውም ልጅ ይስማ።