የአባቴን በሽታ ከአባቴ ደብቀናል፤ ምን ይሻለኛል?

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

እኔ የአዲስ አበባ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም አማኑኤል ሲሆን አሁን በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጭንቀቴን የማዋየው ሰው ባጣ ለእናንተ ጻፍኩ።

አባቴ 66 ዓመቱ ነው። ገበሬ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ይነሳ ነበር። «እርጅና ነው» እያለ ዝም አለ። በኋላ ወገቡንና ዳሌውን ሲያመው፣ ሽንቱም ጭራሽ እምቢ ሲለው ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጣ። ደም ሰጠ፤ ናሙናም ተወሰደለት። ውጤቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ያውም ኃይለኛው ዓይነት ነው አሉኝ፤ ወረቀቱ ላይ «ግሊሰን 9» የሚል ተጽፏል። ወደ አጥንቱም ሄዷል ተባልኩ።

አባዬ ሲጠይቀኝ «የሽንት ቧንቧ ቁስለት ነው፤ በመድኃኒት ይድናል» አልኩት። እናቴ፣ አጎቴ፣ አክስቶቼ፣ የእህቴ ባል ሳይቀር ሁሉም ያውቃሉ። «ብትነግረው በድንጋጤ ይሞታል፤ ደሙ በእጅህ ነው» ብለው አስምለውኛል። አሁን ደግሞ የባሰ መጣ። ዶክተሩ የዘር ፍሬው በቀዶ ጥገና ይውጣ፣ አለዚያም በየጊዜው የሚወጋ መርፌ አለ አለኝ፤ መርፌው ግን ውድ ነው። ይህንን ለአጎቴ ብነግረው «ወንድሜን እንደ ወይፈን ልታኮላሹት ነው?» ብሎ ተነሳብኝ። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አባዬ ማታ ማታ ምንም ሳይናገር ፊቴን ያየኛል። ልንገረው ወይስ ልደብቀው? እኔስ ልጁ ስለሆንኩ ይይዘኝ ይሆን? መልሳችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ጭንቅ ላይ ያለሁት ነኝ፤ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልህ እንላለን። «ማታ ማታ ፊቴን ያየኛል» ካልከው ላይ እንጀምር። አባትህ የሚያውቁት ነገር አለ። ስሙን አያውቁት ይሆናል እንጂ። እስቲ በእርሳቸው ቦታ ሆነህ አስበው። ለሽንት ቧንቧ ቁስለት ተብሎ አባይን በረሃ አቋርጠው መጡ። ከሰውነታቸው ናሙና ተወሰደ። ድሮ ለዓመት በዓል እንኳ የማይደውሉ እህቶቻቸው አሁን በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላሉ። እርሳቸው ሲገቡ የቤቱ ወሬ ይቋረጣል። የ66 ዓመት ገበሬ፣ የሰማይ መልክ አይቶ ዝናብ ይመጣል አይመጣም የሚል ሰው፣ የልጁን ፊት ማንበብ ያቅተዋል ብለህ ነው? አሁን የጎደላቸው ማንን እንደሚጠይቁ ማወቅ ብቻ ነው።

ዘመዶችህን አንወቅሳቸውም። ክፉ ወሬ በደረቁ አለመንገር የአገራችን ወግ ነው። መርዶ ሲነገር እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ዙሪያውን ይዞ ነው። ወጉ መልካም ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ያደርጋል። ይሁን እንጂ መርዶ የሚነገረው ካለቀ በኋላ ነው። የአባትህ ነገር ገና አላለቀም። ገና የሚወሰን፣ የሚዋጥ፣ የሚወጋ፣ የሚፈረም አለ። ፈራሚው ደግሞ እርሳቸው ናቸው።

ነገሩን የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ክኒን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጊዜው ሸፋፍነህ ታሳልፈው ይሆናል። አንተ የምትነግረን ግን የዘር ፍሬ ስለማውጣት ነው። አንድ ሰው የቁስለት ሕክምና ነው ተብሎ ገብቶ፣ ሲነቃ ያ ነገር ከሰውነቱ ጠፍቶ ቢያገኘው ምን ይላል? ሐኪሙም ቢሆን በሽተኛው ሳያውቅና ሳይፈቅድ እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን አይሠራም፤ ሊሠራም አይገባም። ስለዚህ «ልንገረው ወይስ ልደብቀው» የሚለው ጥያቄ አብቅቷል። የቀረው ማን ይንገራቸው፣ እንዴትስ ይንገራቸው የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት አንተ ራስህ በደንብ ልትረዳው ይገባል። ፕሮስቴት ከወንድ ፊኛ ሥር ያለች፣ በጤና ጊዜ ከትንሽ ሎሚ የማትበልጥ ዕጢ ናት። ሽንት በመሐሏ ስለሚያልፍ ስታብጥ መንገዱን ትዘጋለች። ብዙ ሽማግሌ ላይ የምታብጠው ያለ ካንሰር ነው። ለዚህም ነው አባትህ «እርጅና ነው» ያሉት፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ይላል። ግሊሰን የሚባለው ቁጥር በናሙናው ላይ ያሉት ሕዋሳት ከጤነኞቹ ምን ያህል እንደራቁ የሚለካበት ነው። በተግባር ከ6 እስከ 10 ይሄዳል፤ ከ8 ጀምሮ ያለው ኃይለኛ ይባላል። 9 ማለት ዘጠኝ ወር ቀራቸው ማለት እንዳልሆነ ግን አደራ ልብ በል። እንዲህ ተረድተው ያለቀሱ ቤተሰቦች ስላሉ ነው ይህን የምንጽፈው።

ለምን የዘር ፍሬ? ይህ በሽታ የሚፋፋው የወንዴ ሆርሞን እየመገበው ነው። ሆርሞኑ ደግሞ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዘር ፍሬ ነው። ቻርለስ ሃጊንስ የሚባል ሐኪም አሜሪካን አገር እ.ኤ.አ. በ1941 የዘር ፍሬ ሲወጣ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚያፈገፍግ አሳየ፤ በ1966 በዚሁ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ስለዚህ ዶክተሩ ያሉህ ነገር ለድሃ አገር የተፈጠረ ሕክምና አይደለም። ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው፤ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ መሥራት ይቻላል፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሆርሞኑ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ይወርዳል። የአጥንቱ ሕመም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚቀልላቸው ብዙዎች ናቸው። መርፌውም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ዓይነቱ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ዕድሜ ልክ መወጋቱ ነው። አንዱ ቀጠሮ ካለፈ ሆርሞኑ ተመልሶ ይነሳል።

እኛ ብንጠየቅ፣ ለአማኑኤል ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው እንላለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በነበረው ግጭት መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ አንተው ታውቀዋለህ። መድኃኒቱ አዲስ አበባ፣ በሽተኛው ከአባይ ማዶ ሆኖ ሦስት ወር ቢያልፍስ? የገንዘቡንም ነገር አትርሳው። በሌላ በኩል መርፌውን የሚመርጥ ሰው አለ፤ ሰውነቱ ሳይነካ መኖሩ ከገንዘብ ይበልጥበታል፤ ይህም መብቱ ነው። ሁለቱም መንገዶች በሽታውን ወደ ኋላ ይገፉታል እንጂ ወደ አጥንት የሄደውን ከሥሩ አይነቅሉትም። አንዳንዱን ለጥቂት ጊዜ፣ አንዳንዱን ለዓመታት ያቆዩታል። በላዩ ላይ የሚጨመሩ ክኒኖችና ኬሞቴራፒም ስላሉ ለእርሳቸው የሚሆነው የትኛው እንደሆነ፣ ዋጋውንም ጭምር ሐኪሙን ጠይቅ።

አሁን ወደ አጎትህ ቃል እንምጣ። መኮላሸት ምን እንደሆነ ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ወይፈን እንዴት ሰንጋ እንደሚሆን አባትህ በእጃቸው ያውቁታል። ያ ቃል ቀድሞ ጆሯቸው ከገባ የኦፕራሲዮን ክፍሉን በር አያዩትም። መጀመሪያ የሚሰሙት ከሐኪሙ አፍ ይሁን፤ «በሽታው ቀለቡን የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ቀለቡን ልንቆርጥበት ነው» ብለው ይንገሯቸው። ድምፃቸው አይቀጥንም፤ ሴትም አይሆኑም። እውነቱን ለመናገር ግን ፍትወት ይቀንሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይጠፋል። ድንገት ላብ ላብ የሚል ወላፈን ይመጣል፤ ድካምና የአጥንት መሳሳትም አለ። መርፌውም ያው ነው። የፍትወቱን ነገር ልጅ ለአባቱ መንገር ያሳፍረዋል፤ አትንገር። ሐኪሙ ይንገሯቸው፤ አንተ ለዚያች ለአምስት ደቂቃ ውጣላቸው። እናትህም ከባላቸው ጋር ሆነው መስማት አለባቸው። ለእርሳቸውም የኑሮ ለውጥ ነው።

አነጋገሩን በተመለከተ፣ ሁለት ሳምንቱን ሙሉ አትጠብቅ። ጧት ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ አንተና አንድ የሚያምኑት ሰው ብቻ ሁናችሁ ተቀመጡ። ማታ አይሁን፤ ሌሊቱ ይረዝምባቸዋል። መጀመሪያ ጠይቃቸው። «አባዬ፣ የምርመራውን ነገር ዶክተሩ ለአንተው በዝርዝር ይንገርህ ወይስ እኔ እየሰማሁ የሚያስፈልገውን ልንገርህ?» «አንተ ስማልኝ፤ ብቻ የሚደረገውን ንገረኝ» ሊሉህም ይችላሉ። ይህ መደበቅ አይደለም፤ ምርጫውን ራሳቸው መረጡ ማለት ነው። «ንገረኝ» ካሉህ ግን አትሸራርፍ። ቀደም ሲል ቁስለት ያልካቸውንም «ፈርቼ ነው» ብለህ በአጭሩ እለፈው። ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ያስጨንቅሃል፤ ቢሆንም በወሬ አትሙላው።

ስሙን ስትጠራ ተጠንቀቅ። «ነቀርሳ» ስትል አገር ቤት ያለ ሰው የሳምባ ነቀርሳን ሊያስብ ይችላል፤ ሌላው ቀርቶ የሚጠጡበትን ዋንጫ ይለዩባቸዋል። ካንሰር ነው በል፤ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም አብረህ ንገር።

«በድንጋጤ ይሞታል» ላሉህ አንድ ታሪክ አጫውታቸው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን በተመረጡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1981፣ ልክ እንደ አባትህ ወደ አጥንት የሄደ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። ለሕዝብ በየስድስት ወሩ የጤና መግለጫ ይወጣል፤ በሽታው ግን እስከ 1992 ድረስ አልተነገረም። ያንን ሁሉ አገር ያታለሉት ሰው ግን ራሳቸውን አላታለሉም። ሐኪማቸው ሁሉንም ነግሯቸዋል፤ እያወቁ ታከሙ፤ የሞቱት በጥር 1996 ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ ይቆያል አንልህም፤ የሚቆየው ጥቂቱ ነው። ማወቃቸው ግን አልገደላቸውም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በሬ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። ዘመድ ተሰብስቦ «ታይላንድ ወይም ህንድ እንላከው» ማለቱ አይቀርም። ወደ አጥንት የሄደውን እዚያም ነቅለው አያወጡትም፤ ዋናው ሕክምና ደግሞ እዚሁ አለ። በሬው ለክረምቱ ይቆይ። አባትህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀቱን ከእጅህ አታውጣ፤ ያለ ሪፈር ሰንሰለት መድኑ አይሠራም። ጨረር ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ የሚሰጥ ነበር፤ ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ለአጥንት ሕመም አንዳንዴ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ይበቃልና ወረፋውን ፈርተህ ሳትጠይቅ አትቅር። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ሕሙማን ድጋፍ ያደርጋል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ ሄዶ ሕመም የማስታገስ ሥራ ይሠራል። ሞርፊን ቢታዘዝላቸው «ሱስ ይሆንበታል» ብላችሁ አትከልክሏቸው።

ጠበል እንሂድ ካሉ ይሂዱ፤ መድኃኒታቸውን ይዘው። እዚህ ላይ የነፍስ አባታቸው ይጠቅሙሃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ስለ ክኒኑ ሰዓት ከእርሳቸው ጋር ይመካከሩ። ግን አባትህ ራሳቸው ሳያውቁ ለነፍስ አባታቸው እንዳትነግር፤ የሚያውቀው ሰው አሁንም በዝቷል።

አገራቸው ሲመለሱ ለእናትህና ለእህትህ አስረግጠህ የምትነግራቸው አንድ ነገር አለ። እግራቸው ድንገት ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው በሽታው የጀርባቸውን ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ የለ፣ ገበያ ቀን የለ፣ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይድረሱ። አንድ ቀን መዘግየት መራመድን ሊያስቀር ይችላል።

ስለ ራስህ ለጠየቅኸው፣ አባቱ የታመመ ሰው ዕድሉ ከሌላው በግምት እጥፍ ይሆናል። ይህ ማለት ይይዝሃል ማለት አይደለም፤ በ27 ዓመትህም የምትመረመርበት ምክንያት የለም። ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ ለሐኪም «አባቴን አሞት ነበር» ብለህ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቅ። ወንድሞች ካሉህም እንደዚሁ። «ወንድሜን ልታኮላሹት ነው?» ብሎ የተነሳብህ አጎትህ ግን የበሽተኛው ወንድም ነው፤ እርሱ ዕድሜው ደርሷል። ለቁጣው መልስ ከመስጠትህ በፊት ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሳ ጠይቀው።