ማኅበሩ የጭነት መኪና ከመግዛቱ በፊት

ገብሱ ተወቅቶ ባቄላው ከዐውድማ በሚነሳበት ወራት፣ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ በሚገኙ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ለመኪና ኪራይ በየዓመቱ ይህን ያህል ገንዘብ ከሚወጣ ማኅበሩ ለምን የራሱን የጭነት መኪና አይገዛም የሚለው ነው።

ጥያቄው ከችግር የመነጨ እንጂ የቅንጦት አይደለም። የደጋው ገብስ ለገበያ በሚደርስበት ጊዜ በቆላው የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ይጫናል፤ ባለመኪናውም ረጅም መንገድና ሙሉ ጭነት ወዳለበት ወደዚያ ማድላቱ አይቀርም። የቢራ ገብስ ለጎንደር ብቅል ፋብሪካ ለማስረከብ ውል የገባ ማኅበር በዚህ ጊዜ በመጋዘኑ በር ላይ ከረጢት ደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ድንች አምራቹ ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር አለበት፤ ድንች ቆሞ አይጠብቅም። ስለሆነም መኪና ይገዛ የሚሉ አባላት ተሳስተዋል ለማለት አይቻልም። የሚያሳስበው፣ ውሳኔው የመኪናውን ዋጋ ብቻ በማየት እንዳይሰጥ ነው። መኪናው በዓመት ስንት ቀን ጭኖ እንደሚውልና የሚወጣው ዳገት ካምቢዮውን ምን እንደሚያደርገው አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ለምሳሌ ያህል 300 አባላት ያሉት አንድ ማኅበር ይወሰድ። እያንዳንዱ አባል 6 ኩንታል ለገበያ ቢያቀርብ በጠቅላላው 1,800 ኩንታል ይሆናል። 70 ኩንታል የሚጭን አንድ ኤፍኤስአር አይሱዙ ይህን በ26 ምልልስ ያነሳዋል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መጫኛውና ማራገፊያው ተጨምሮ ለአንድ ምልልስ ሁለት ቀን ቢያዝለት 52 ቀን መሆኑ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለማምጣት ሌላ 10 ምልልስ ቢታከልበት 72 ቀን ይደርሳል። በቀሩት ከ290 በላይ ቀኖች መኪናው ወይ ቆሞ ጎማው ይደርቃል፣ ወይ በጎንደርና በአዘዞ ከሌሎች ባለመኪናዎች ጋር ጭነት ሲሻማ ይውላል። ያን ጊዜ ማኅበሩ ሳያስበው የትራንስፖርት ነጋዴ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ስሌት እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ አኃዝ ሊሠራው ይችላል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ጭነት መሻማቱ ደግሞ እንደ ቀድሞው አይደለም። በደርግ ዘመን የግል የጭነት መኪኖች በከተና ተደራጅተው ጭነት በተራ ይደርሳቸው፣ ታሪፉም በመንግሥት ይወሰን ነበር። ባለመኪናው በአሠራሩ ቢያማርርም ተራው እንደሚደርሰው ያውቅ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ገበያው ነፃ ከሆነ ወዲህ ጭነት የሚያገኘው ስልክና ደንበኛ ያለው፣ ከደላላ ጋር የሚግባባ፣ ሌሊት ተነስቶ የሚሄድ ሰው ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ኮሚቴ እንዲህ ያለውን ሰው በጭነት ፍለጋ ሊቀድመው አይችልም።

ወደ ካምቢዮው ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። የካምቢዮ ሥራ የሞተሩን ጉልበት ከመንገዱ ጋር ማስማማት ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማውን ጥቂት ያዞረዋል፤ ፍጥነቱ ሲያንስ የመጎተት ኃይሉ ይበዛል። በከፍተኛ ማርሽ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሜዳ አገር የሚውል መኪና ቀኑን በአብዛኛው በአንድ ማርሽ ይሄዳል። ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚወጣው ግን ከ2,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,800 ሜትር ስለሚደርስ፣ ማርሽ መቀያየር ዋናው ሥራው ነው። በዚህ ላይ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚያጣ፣ ደባርቅ ላይ ሲደርስ በወረቀቱ ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን አጥቷል። ቱርቦ ያለው በዚህ ረገድ ይሻላል። ጉልበቱ ሲጎድል ሾፌሩ ማርሽ ያወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ እንደገና ይቀይራል። ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ መኪና የሚያቆም ሾፌር የፍሪሲዮኑን ሸራ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። 70 ኩንታል የሚችለው መኪና 100 ኩንታል ሲጫንበትም ባሌስትራው ብቻ ሳይሆን የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ናቸው የሚበሉት።

(ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የሚሉት ስሞች የጣሊያንኛ መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የጎንደርና የአሥመራ መንገድ ጣሊያን አገሪቱን ይዞ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሲሠራ፣ ከመኪናው ጋር የጋራዡ ቋንቋም አብሮ ገባ።)

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወስደው የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ጭነቱን የሚይዘው ፍሬን ሳይሆን ካምቢዮ ነው። ሾፌሩ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናውን ወደኋላ እንዲይዘው ካላደረገ፣ ፍሬኑ ግሎ መሥራት ያቆማል። ናፍጣ ለመቆጠብ በሚል ከማርሽ አውጥቶ በባዶ መውረድ የሞት መንገድ ከመሆኑም በላይ ቁጠባው ራሱ ሐሰት ነው። መኪናው በማርሽ ሆኖ ነዳጁ ሲለቀቅ የናፍጣ ፓምፑ ለሞተሩ የሚሰጠውን ነዳጅ ያቋርጣል፤ በባዶ የሚወርደው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ሲያቃጥል ይወርዳል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያደርገው ማነው? ካምቢዮ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ በእጅም ነው። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ካምቢዮው ሲያጉረመርም ያችኑ ቀን ይሰማዋል፤ የሚያሠራበት ገንዘብ ከራሱ ኪስ ነውና ዘይቱን ሳያይ አይነሳም። ደመወዝተኛ ሾፌር ሁሉ ግዴለሽ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ብዙ ጠንቃቃዎች አሉ። ነገር ግን የማኅበር መኪና ሾፌር በየጊዜው ሊለወጥ ይችላል፤ ሊቀ መንበሩም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ዘመዳቸውም ያዙታል። ለቅሶም ይሄዳል፣ ሠርግም ይሄዳል። መኪናው ሲሰበር የሰበረው አይታወቅም። አንድ ኃላፊ የሌለው ካምቢዮ ደግሞ ባለ 5 ማርሹ ኤንፒአርም ሆነ ባለ 10 ማርሹ ሲኖትራክ ዕድሜ የለውም።

ከዚህም የተነሳ የተሻለው መንገድ ማኅበሩ ባለመኪና ከመሆን ይልቅ ባለጭነት ሆኖ መቅረቡ ነው። ከአካባቢው የራሳቸውን መኪና ከሚነዱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ጋር ከመከር በፊት ውል መግባት ይቻላል። ማኅበሩ 36 ምልልስ የተረጋገጠ ጭነት ሲይዝ፣ የገብሱን መውረጃና የማዳበሪያውን መውጫ አንድ ላይ አድርጎ መደራደር ይችላል፤ መኪናው በአንዱ ጉዞ ባዶውን ስለማይመለስ ባለመኪናው ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት ያገኛል። ባለመኪናው ወደ ሰሊጡ እንዳይሸሽ በውሉ ውስጥ የመቅረቢያ ቀንና የመቅጫ ገንዘብ መግባት አለበት፤ ማኅበሩም በበኩሉ ሒሳቡን በተራገፈበት ሳምንት ሊከፍል ይገባል። ከአባላት ልጆች መካከል በሾፌርነት ብዙ ዓመት ሠርቶ የራሱን መኪና ለመግዛት የሚያስብ ካለ፣ ይህ ውል ለባንክ የሚያቀርበው ጥሩ ማስረጃ ይሆንለታል።

ለእርሱም ቢሆን ብድሩ የዋዛ ነገር አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሊማሊሞ ወደ ትግራይ የሚሄድ የንግድ ጭነት ቆሞ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭትም መንገዶች በየጊዜው ተዘግተዋል። መንገድ ሲዘጋ መኪናው ይቆማል፣ የባንኩ ወለድ ግን አይቆምም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ የሚገዛው በረከሰ ብር ነው። ዕዳ ያለበት ሰው የሦስት ወር ክፍያ በእጁ ሳይዝ መኪና ባይነካ ይመረጣል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ማኅበርም ሆነ ግለሰብ በቀለሙ ሳይታለል የሚከተለውን ይሞክር። የእጅ ፍሬኑን ይዞ መኪናውን በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ቢለቅ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቁልቁለት ላይ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ማርሹ በራሱ ከወጣ የካምቢዮው ጥርስ ወይም መያዣው ተበልቷል፤ እንዲህ ያለውን መኪና ይዞ ሊማሊሞ መውረድ አይታሰብም። የካምቢዮውን ዘይት አስፈትቶ ማየትም ይገባል፤ እንደ አሸዋ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ ካለበት ሻጩ ስለ ኪሎ ሜትሩ የሚናገረው ሁሉ ዋጋ የለውም። በተጨማሪም የዚያን ዓይነት ካምቢዮ ፈትቶ የሚገጥም መካኒክና መለዋወጫው ጎንደር ከተማ ውስጥ መኖሩን ሳያጣሩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ጥርስ ለማምጣት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በመከር ሰሞን።

ይህን ሁሉ አይቶ ለመግዛት የቆረጠ ማኅበር ካለ፣ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ዓመት በኪራይ እየሠራ መዝገብ ይያዝ። ምልልሱ፣ ኩንታሉ፣ የተከፈለው ኪራይ፣ መኪና የተጠበቀበት ቀንና በመጠበቅ የተበላሸው ምርት በየቀኑ ይጻፍ። መዝገቡን የሚይዘው ሰው ከሰኔ በፊት ቢመረጥ ለክረምቱ ዘር የሚመጣውን ማዳበሪያ ከመጀመሪያው ከረጢት አንሥቶ መመዝገብ ይችላል።